የኢንተርኔት ኔትወርኮች የት እንደሚገናኙ ለመሳል፦ መለኪያውን የት እናስቀምጥ?

ሁለት ሰዎች ናይሮቢ ውስጥ ጎረቤት ናቸው እንበል። አንዱ የአንድ ኢንተርኔት አቅራቢ ደንበኛ ነው፤ ሌላው የሌላ። ሁለቱ አቅራቢዎች እዚያው ከተማ ውስጥ ካልተገናኙ፣ አንዱ ለሌላው የላከው ፋይል አህጉር አቋርጦ አውሮፓ ይደርሳል። ከዚያ ተመልሶ ጎረቤት ቤት ይገባል። ኬንያ ውስጥ ለዓመታት የነበረው ይኸው ነው። አቅራቢዎች ትራፊካቸውን (የሚላላኩትን ዳታ) በአንድ ቦታ የሚለዋወጡበት የኬንያ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል፣ በአጭሩ ኪክስፒ፣ በ2000 ሥራ ጀመረ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም አቀፍ መስመሩን በብቸኝነት የያዘው የቴሌኮም ድርጅት ተቃወመና ማዕከሉ ተዘጋ። በ2002 እንደገና ተከፈተ። ኢንተርኔት ሶሳይቲ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ የአገር ውስጥ ትራፊክ በማዕከሉ በኩል ማለፍ ሲጀምር መዘግየቱ ከ200–600 ሚሊሰከንድ ወደ 2–10 ሚሊሰከንድ መውረዱን አሳየ።

ይህን ማወቅ የተቻለው ሰው ስለለካ ነው። እንዲህ ያለ ልኬት ለመሥራት የሚነሳ ሰው ግን ገና ሲጀምር ግራ ይጋባል። ነጻ መሣሪያ አለ፣ የክላውድ ሰርቨር አለ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የራውቲንግ (ዳታ የሚጓዝባቸው መንገዶች) መዝገብ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ አለ። የትኛው ይሻላል? ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለያዘ ተማሪ፣ ለኢንተርኔት አቅራቢ መሐንዲስ፣ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባለሙያና ሰርቨሩ ለምን ከደንበኞቹ እንደራቀ ለማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ መቶ መለኪያ አንድ ኔትወርክ ውስጥ ከመደርደር አምስቱን በአምስት የተለያዩ ኔትወርኮች ማስቀመጥ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

## መጀመሪያ፦ የምንፈልገው መስመር ለምን ይደበቃል?

ኢንተርኔት ከ70,000 በላይ ራሳቸውን የቻሉ ኔትወርኮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ የኤኤስ ቁጥር የሚባል መለያ አለው፤ ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር 24757 ነው። እነዚህ ኔትወርኮች በዋናነት በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። አንደኛው ትራንዚት ነው፤ ትንሹ ለትልቁ እየከፈለ ወደ መላው ዓለም ይወጣል። ሁለተኛው ፒሪንግ ነው፤ ሁለቱ የራሳቸውንና የደንበኞቻቸውን ትራፊክ በቀጥታ ይለዋወጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ።

ችግሩ ያለው ፒሪንግ ላይ ነው። አንድ ኔትወርክ ከፒር የሰማውን መንገድ ለደንበኞቹ ብቻ ይናገራል። ለሌሎች ፒሮቹም ሆነ ትራንዚት ለሚሸጥለት ድርጅት አይናገርም፤ ቢናገር ለሰው ትራፊክ በራሱ ወጪ መተላለፊያ ይሆናል። ስለዚህ «ሀ» እና «ለ» ብለን በምንጠራቸው ሁለት ኔትወርኮች መካከል ያለ ፒሪንግ የሚታየው «ሀ» ውስጥ፣ «ለ» ውስጥ፣ ወይም ከሁለቱ ከአንዳቸው በታች ካለ ደንበኛ ዘንድ ብቻ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ቆሞ ሚኒባስ የሚቆጥር ሰው ከሳሪስ ቃሊቲ የሚመላለሰውን መቼም እንደማያይ ሁሉ፣ አውሮፓ ባለ ትልቅ ኔትወርክ ላይ የቆመ መለኪያም የናይሮቢን የአገር ውስጥ ፒሪንግ አያይም።

ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በ2012 የታተመ ጥናት የአንድ ትልቅ የአውሮፓ መለዋወጫ ማዕከልን ትራፊክ ከውስጥ ሆኖ መረመረ። ሥራ ላይ ያሉ ከ50,000 በላይ የፒሪንግ ግንኙነቶች አገኘ። ይህ ቁጥር ያን ሰሞን ለመላው ኢንተርኔት ይሰጥ ከነበረው ግምት ይበልጥ ነበር። አንድ ማዕከል ብቻውን! እስከዚያ ድረስ ሲሳሉ የነበሩት ካርታዎች ከትክክለኛው ቦታ ስላልተሳሉ ግማሹን ዓለም ስተው ነበር።

## መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን በእነዚህ አምስት ነገሮች እንመዝናቸው።

የመጀመሪያውና ዋናው፣ መለኪያው ያለው በምን ዓይነት ኔትወርክ ውስጥ ነው? የቤት ኢንተርኔት፣ ሞባይል፣ ትራንዚት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ክላውድ? ሁለተኛው፣ እኛ በፈለግንበት ሰዓት ወደፈለግንበት አድራሻ መለካት እንችላለን ወይስ ሌላው የመዘገበውን ብቻ ነው የምናነበው? ሦስተኛው፣ የኋላ መዝገብ አለው? ኬብል ከተበጠሰ በኋላ «በፊት እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው መዝገብ ያለው ብቻ ነው። አራተኛው፣ ወጪውና መብራት የሚጠፋበት ቦታ ላይ ያለው ጽናት። አምስተኛው፣ መለኪያውን ያስቀመጠው ሰው ፈቃድና ደህንነት።

የከተማ ብዛት በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ። ሆን ተብሎ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ያሉ ሦስት መለኪያዎች ሁሉም በአንድ ድርጅት መስመር ላይ ከሆኑ፣ ወደ ውጭ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ በተመሳሳይ በር ነው። ስለ ድርጅቱ የውስጥ መስመር ብዙ ይነግሩናል። ስለ ኔትወርኮች ትስስር ግን ከአንዱ በላይ እምብዛም አይጨምሩም።

## አማራጭ አንድ፦ ቤትና ቢሮ የሚቀመጥ ትንሽ መለኪያ

የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ራይፕ አትላስ ነው። መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገው፣ የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያድለው ድርጅት ራይፕ ኤንሲሲ በ2010 ጀመረው። ዛሬ ከ12,000 በላይ መለኪያዎች በበጎ ፈቃደኞች ቤትና ቢሮ ተሰክተው ይሠራሉ። መሣሪያው፣ ፕሮብ ይሉታል፣ ለአስተናጋጁ በነጻ ይሰጣል። ፒንግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት)፣ ትሬስራውት (መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በቅደም ተከተል መዘርዘር) እና የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ሥርዓት) ፍተሻ ይሠራል። የቤቱን ሰው ትራፊክ አያይም።

ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ተራ ተጠቃሚ ካለበት መስመር ሆኖ ይለካል። የአገር ውስጥ ፒሪንግ የሚታየው ደግሞ ከዚያ ነው። ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ራሱ ስለሚከፍት ብዙ ደንበኞች አንድ አድራሻ በሚጋሩበት መስመር ላይም ያለ ችግር ይሠራል። ቋሚ አድራሻ መግዛት አያስፈልግም።

ክፍያው በክሬዲት ነው። አንድ ፕሮብ ቀኑን ሙሉ ተገናኝቶ ሲውል 21,600 ክሬዲት ያገኛል። በቋሚነት የሚደጋገም አንድ ትሬስራውት በተለመደው አሠራር 30 ክሬዲት ይፈጃል። በዚህ ስሌት በቀን 720 ትሬስራውት ይደርሳችኋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ክሬዲት ከሰው ወደ ሰው መተላለፍም ይችላል፤ ብዙ ያጠራቀመ አስተናጋጅ ካወቃችሁ ጠይቁት።

ድክመቱ ሥርጭቱ ነው። ከፍተኛው ቁጥር ያለው ጀርመን፣ አሜሪካና ፈረንሳይ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ስስ ነው። ልኬት ስታዝዙ «ከመላው ዓለም 500 ስጠኝ» ካላችሁ የሚደርሳችሁ ባብዛኛው የአውሮፓ እይታ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአገር ሳይሆን በኤኤስ ቁጥር ምረጡ፤ ከእያንዳንዱ ኔትወርክ ሁለት ሁለት ውሰዱ።

ሌላው ጣጣ መብራት ነው። ከድሮዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ትንሽ የቲፒ-ሊንክ ራውተር ነው፤ ጎኑ ላይ ዩኤስቢ ፍላሽ ተሰክቶለታል። መብራት ድንገት እየሄደ ሲመጣ ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ይበላሻል። አምፖሉ እየበራ መሣሪያው ከራይፕ አትላስ ጋር መገናኘት ያቆማል። አስተናጋጁ የሚያውቀው ስንት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። አዳዲሶቹ የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ለራውተርና ለመለኪያው የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ አብሮ ማሰብ ብልህነት ነው። መሣሪያ ማስገባት ከከበዳችሁ የሶፍትዌር ፕሮብ አለ፤ ሁልጊዜ በርቶ በሚያድር ኮምፒውተር ወይም ራስበሪ ፓይ በተባለ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ከውጭ አገር ለቤተሰብ መሣሪያ ይዞ መግባት የምታስቡም መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ቴሌኮም ነክ ዕቃ ኢትዮጵያ ሲገባ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ከዚያ ጣጣ ያድናል።

## አማራጭ ሁለት፦ የቢጂፒ ሰብሳቢዎች

እነዚህ ምንም ፓኬት (የዳታ ጥቅል) አይልኩም። ኔትወርኮች «ወደዚህ አድራሻ በእኔ በኩል ይደረሳል» እያሉ ቢጂፒ በተባለው ፕሮቶኮል የሚለዋወጡትን መልእክት ሰምተው ይመዘግባሉ። ሁለቱ ታላላቅ መዝገቦች የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ራውትቪውስና የራይፕ ኤንሲሲው ሪስ ናቸው። የመጀመሪያው መዝገብ ወደ 1997፣ የሁለተኛው ወደ 1999 ይመለሳል። በነጻ ይወርዳል። ራውትቪውስ ሙሉውን የመንገዶች ሰንጠረዥ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሪስ በየስምንት ሰዓቱ ያስቀምጣሉ። በመካከል ያሉ ለውጦች በየደቂቃዎቹ ይመዘገባሉ።

ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚወዳደር የለም። በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተበጠሱ፤ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂና ሲኮም። ሜይ 12 ቀን 2024 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ወዲህ ኢሲና ሲኮም ተቆረጡ፤ ምሥራቅ አፍሪካ ተንገዳገደ። የትኛው ኔትወርክ ያን ቀን ትራንዚቱን እንደቀየረ ከእነዚህ መዝገቦች በሰዓትና በደቂቃ ይነበባል።

ግን አስታውሱ፤ ሰብሳቢው የሚሰማው የሚነግሩትን ብቻ ነው። ትራንዚትን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከላይ ባልነው ምክንያት ፒሪንግን ግን በብዛት ያመልጠዋል። ስለዚህ ሰብሳቢው ያለበት ቦታ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ራውትቪውስ ናይሮቢ ኪክስፒ ላይና ጆሃንስበርግ ላይ ሰብሳቢዎች አሉት፤ ሪስም ጆሃንስበርግ ላይ አለው። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የምትጽፉ ከሆነ የአምስተርዳሙን ፋይል አውርዳችሁ አትቁሙ፤ የኪክስፒውን ጨምሩ።

## አማራጭ ሦስት፦ ሉኪንግ ግላስ

አንዳንድ ኔትወርኮች ራውተራቸውን ከድረ ገጽ እንድንጠይቅ ይፈቅዳሉ። ድረ ገጹን ከፍቶ፣ አድራሻ አስገብቶ፣ ፒንግ ወይም ትሬስራውት ማለት ነው። ነጻ ነው። ለአንድ ጥያቄ መልስ ድንቅ ነው፤ በተለይ የመልስ መንገዱን ከሌላኛው ጫፍ ለማየት። ለቋሚ ጥናት ግን አይሆንም። ገደብ አለው፣ ቅርጹ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፣ ዛሬ ያለው ነገ ይጠፋል። ማረጋገጫ አድርጉት፤ መሠረት አታድርጉት።

## አማራጭ አራት፦ የምርምር ጣቢያዎች

በሳን ዲየጎ የሚገኘው የኢንተርኔት ምርምር ማዕከል ካይዳ፣ አርክ የተባለውን ሥርዓት ከ2007 ጀምሮ ያንቀሳቅሳል። ጣቢያዎቹ ብዙዎቹ ራስበሪ ፓይ ናቸው። ሥራውን ተከፋፍለው በዓለም ራውቲንግ ሰንጠረዥ ላይ ወዳለው እያንዳንዱ የአድራሻ ክፍልፋይ ትሬስራውት ይልካሉ። ቁጥራቸው ከአትላስ በጣም ያንሳል። የእያንዳንዱ ልኬት ግን እጅግ ሰፊ ነው። «አንዱ ኔትወርክ ከማን ከማን ጋር ይገናኛል?» ለሚል ጥያቄ፣ አንድ አርክ ጣቢያ በዚያ ኔትወርክ ውስጥ ካለ ከብዙ ፕሮቦች የበለጠ ያሳያል።

ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ከፕላኔትላብ የተገኘ ነው። ከ2002 እስከ 2020 የኖረው ያ ሥርዓት ሰርቨሮቹን በብዛት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች የሚገናኙት ደግሞ በራሳቸው የምርምር ኔትወርክ ነው። ካርታው የምሁራንን ኢንተርኔት አሳየ፤ የሕዝቡን ግን አላሳየም። እኛም አገር ያው ነው። በኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ወይም በኬንያው ኬኔት ላይ የተቀመጠ መለኪያ በአፍሪካው የምርምር ኔትወርክ ኡቡንቱኔት በኩል ወደ አውሮፓው አቻው ዣንት ሊሄድ ይችላል። በሞባይል ዳታ ዩቲዩብ የሚያይ ሰው በዚያ መንገድ አያልፍም። ግቢ ውስጥ ሰርቨር ስላገኛችሁ ብቻ የአገሩን ኢንተርኔት ለካን አትበሉ።

## አማራጭ አምስት፦ የክላውድ ሰርቨር

በወር ከ5 እስከ 10 ዶላር ትንሽ ሰርቨር ይከራያል። በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል፣ መብራት አይጠፋበትም፣ የፈለጋችሁትን ፕሮግራም ትጭናላችሁ። ማይክሮሶፍት በ2019 ጆሃንስበርግና ኬፕ ታውን፣ አማዞን በ2020 ኬፕ ታውን፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ ማዕከል ከፍተዋል።

ፈተናው ሌላ ቦታ ነው። ትልቅ ክላውድ የራሱ ዓለም አቀፍ ኔትወርክ አለው፤ በሺህ ከሚቆጠሩ ኔትወርኮች ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ከዚያ ስትለኩ የምታዩት የክላውዱን ትስስር ነው። ጥያቄያችሁ «ጉግል ወይም አማዞን ከማን ጋር ይገናኛል?» ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጥያቄያችሁ ሁለት የአገር ውስጥ አቅራቢዎች እንዴት እንደሚገናኙ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። ትንንሽ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ድርጅቶች ለዚያ ይሻላሉ፤ መንገዳቸው ከሕዝቡ መንገድ ጋር ይቀራረባል። ኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑንም በጀት ስታወጡ አስቡ።

## አማራጭ ስድስት፦ ተጠቃሚው ራሱ ሲለካ

ኤም-ላብ ከ2009 ጀምሮ ነጻ የፍጥነት መለኪያ ይሰጣል። ሰው ፍጥነቱን ሲፈትሽ ሰርቨሩ ወደ እሱ ትሬስራውት ይልካል። ውሂቡ ለሁሉም ክፍት ነው። ፕሮብ የሌለባቸው ከተሞችና የሞባይል ኔትወርኮች እዚህ ይገኛሉ። ያው የሚለካው ኢንተርኔቱ የተንቀራፈፈበት ሰው ስለሆነ ናሙናው ሚዛናዊ አይደለም። መንገዱም ከሰርቨሩ ወደ ሰው የሚሄደው ብቻ ነው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የሚቀመጥበት ኔትወርክ | በፈለግነው ሰዓት መለካት | ፒሪንግ ያሳያል? | የኋላ መዝገብ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ራይፕ አትላስ | ቤት፣ ቢሮ፣ ዳታ ሴንተር | አዎ፣ በክሬዲት | ጥሩ፣ በአቅራቢው ውስጥ ካለ | ከ2010 ወዲህ | ነጻ |
| የቢጂፒ ሰብሳቢ | ትራንዚትና መለዋወጫ ማዕከል | አይቻልም | ጥቂት፤ ማዕከል ላይ ካለ የተሻለ | እጅግ ረጅም | ነጻ |
| ሉኪንግ ግላስ | የአቅራቢው ራውተር | በእጅ፣ በገደብ | አዎ፣ ለአንዱ ኔትወርክ | የለም | ነጻ |
| አርክ | የተቀላቀለ | በስምምነት | በጣም ጥሩ፣ ባለበት ኔትወርክ | ከ2007 ወዲህ | ለተመራማሪ ነጻ |
| ክላውድ | ይዘትና ክላውድ | ሙሉ በሙሉ | የክላውዱን ብቻ | ራሳችሁ ካስቀመጣችሁ | በወር ከ5 ዶላር ጀምሮ |
| ኤም-ላብ | የተጠቃሚ መስመር | አይቻልም | በከፊል | ከ2009 ወዲህ | ነጻ |

## ውጤቱን ስታነቡ

ጥሩ ቦታ ላይ ሆኖም ካርታ የሚበላሽበት መንገድ አለ። ከናይሮቢ ናይሮቢ የተላከ የትሬስራውት ምሳሌ እንይ። 1ኛው ሆፕ (መንገዱ ላይ ያለ ራውተር) 1 ሚሊሰከንድ፣ 2ኛው 9፣ 3ኛው 11፣ 4ኛው 168፣ 5ኛው 171፣ 6ኛው 318።

በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልሱን ስንቆጥር 100 ኪሎ ሜትር 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። 3ኛው ሆፕ ከናይሮቢ ብዙ አልራቀም ማለት ነው። 4ኛው ላይ 157 ሚሊሰከንድ ተጨመረ፤ ቀጣዩም እዚያው ቁጥር ላይ ስለቆየ ራውተሩ ለመመለስ ስለሰነፈ ብቻ አይደለም፤ ባሕር ተሻግሯል። 6ኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ፓኬቱ ናይሮቢ ተመልሶ ገብቷል፤ መልሱ ደግሞ እንደገና በአውሮፓ ዞሮ መጥቷል። መልሱ በሌላ አጭር መንገድ ቢመጣ ኖሮ 6ኛው ከ5ኛው ሊያንስ ይችል ነበር። ለዚህ ነው ከሁለቱም ጫፍ መለካት የሚያስፈልገው።

ድንበሩን መሳል ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ሁለት ኔትወርኮችን የሚያገናኘው መስመር አድራሻውን የሚያገኘው ከሁለቱ ከአንዱ ነው። ስለዚህ የ«ለ» ራውተር የ«ሀ»ን አድራሻ ይዞ ሊታይ ይችላል። አድራሻውን በቀጥታ ወደ ኤኤስ ቁጥር የሚቀይር ሰው ድንበሩን አንድ ሆፕ አርቆ ይስላል። ካይዳ ያቀረባቸው ቢዲአርማፕና ቢዲአርማፕአይቲ የተባሉት መሣሪያዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። በመለዋወጫ ማዕከል በኩል ያለፈ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀላል፤ የማዕከሉ አድራሻ በትሬስራውቱ ውስጥ ይታያል፤ ፒሪንግዲቢ በተባለው የኔትወርኮች መረጃ ቋት ላይ የማን እንደሆነ ማየት ይቻላል። የራውተርን ከተማ ከአይፒ መፈለጊያ ድረ ገጽ አትውሰዱ። ብዙ ጊዜ የድርጅቱን ዋና መሥሪያ ቤት ነው የሚነግራችሁ። የራውተሩ ስም ውስጥ የአየር ማረፊያ ምልክት ካለ እሱና የሚሊሰከንዱ ስሌት ይሻላሉ።

## ምሥራቅ አፍሪካን ለሚለካ ሰው

ናይሮቢ ይቅደም። ብዙ አቅራቢዎች አሉ፣ ኪክስፒ አለ፣ ሰብሳቢ አለ። ቢያንስ በሦስት አቅራቢዎች ውስጥ መለኪያ ይኑራችሁ። ሞምባሳ ቲምስ፣ ሲኮም፣ ኢሲና ሌሎች ኬብሎች ከባሕር የሚወጡባት ናት። ይህን ሰምቶ ብዙ ሰው መለኪያ ሊያስቀምጥባት ይቸኩላል። ኬብል የሚወጣበትና ኔትወርኮች የሚገናኙበት ቦታ ግን አንድ አይደለም፤ የሞምባሳ ደንበኛ በአብዛኛው የናይሮቢው አቅራቢ ደንበኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስጧት።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ተለውጧል። እስከ 2022 ድረስ አንድ መለኪያ ለትስስር ጥናት ይበቃ ነበር፤ ኦፕሬተሩ አንድ ነበርና። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ትራፊክ ከተማ ውስጥ ይቀራል ወይስ ጅቡቲና ከዚያ በላይ ደርሶ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ሁለት ፕሮብና አንድ ሳምንት ይመልሱታል። እንዲህ ያለ ርካሽ ልኬት እንዲህ ላለ ትልቅ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም። ተማሪዎች፣ ይህን ርዕስ ያዙት።

ጅቡቲ አንድ መለኪያ ይበቃታል፤ የኢትዮጵያን መውጫ በር ለማየት ግን አትቅር። ጆሃንስበርግ ጥያቄያችሁ አፍሪካ አቀፍ ከሆነ ብቻ ይጨመር። ከአውሮፓ ማርሴይ ትመረጣለች፤ በቀይ ባሕር የሚያልፉ ብዙ ኬብሎች የሚወጡት እዚያ ነው። ከአዲስ አበባ በአየር መስመር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ማንም አይደርስባትም። ይህ ቁጥር ስህተት ለመያዝ ይጠቅማል። ፍራንክፈርት፣ ለንደንና አምስተርዳም ላይ አዲስ ነገር አትትከሉ፤ ያለው ከበቂ በላይ ነው።

## በኪስና በፍላጎት

ገንዘብ የሌለው ተማሪ ከራውትቪውስና ከሪስ መዝገብ ይጀምር። ጎን ለጎን የሶፍትዌር ፕሮብ ጭኖ ክሬዲት ያጠራቅም። ከአንድ ወር በኋላ የራሱን ልኬት ለማዘዝ ይደርሳል።

የኢንተርኔት አቅራቢ መሐንዲስ ሌላው እንዲለካለት አይጠብቅ። ሉኪንግ ግላስ ይክፈት፣ የቢጂፒ ሰንጠረዡን ለሰብሳቢ ያጋራ፣ ከተቻለ አትላስ አንከር ያስቀምጥ። አንከር ጠንከር ያለ መለኪያ ነው፤ ለሌሎችም እንደ ዒላማ ያገለግላል።

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከእያንዳንዱ ኦፕሬተር ሁለት ሁለት፣ አንዱን በቋሚ መስመር አንዱን በሞባይል፣ ያስቀምጥ። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ይለካ። የአንድ ሳምንት ቁጥር ይዞ ኦፕሬተር ላይ ደብዳቤ መጻፍ ተገቢ አይደለም።

ባንክ ወይም ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ሙሉ ካርታ አያስፈልገውም። ደንበኞቹ ካሉባቸው ኔትወርኮች ወደ ራሱ ሰርቨር ትሬስራውት ያስልክ፤ ኤም-ላብን ይጨምርበት። በጀት ያለው የምርምር ቡድን ደግሞ አርክን፣ አትላስንና ሁለት ክላውዶችን አጣምሮ ይያዝ።

ሁላችሁም መለኪያ የምታስቀምጡለትን ሰው ጠይቁ። ምን እንደሚላክ፣ ወዴት እንደሚላክ፣ ምን በይፋ እንደሚታይ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ኢንተርኔት በሚዘጋበት አገርና ወቅት ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። አስተናጋጁ ከተጠራጠረ ተዉት፤ ሌላ ቦታ ይገኛል።

መለኪያዎቹ ከቆሙ በኋላ ደግሞ አንድ ፈተና ሥሩ። ሁሉም ወደ ተመሳሳይ 50 አድራሻዎች ትሬስራውት ይላኩ። የተገኙትን የኔትወርክ ግንኙነቶች ዘርዝሩ። ከዚያ አንዱን መለኪያ አውጥታችሁ እንደገና ቁጠሩ። ምንም ግንኙነት ካልጠፋ ያ መለኪያ ያለበት ቦታ አልጠቀማችሁም፤ ነቅላችሁ ገና ማንም ወዳልገባበት ኔትወርክ ውሰዱት።